ዓይኔ እያየ

በገበያ ሕንፃው ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር፣ ከስልክ ሽፋን ሻጩ ጎን ያለችው ጠባብ ሱቅ የሐኪሙ ናት። ሐኪም ስላችሁ የሰው ሐኪም መስሏችሁ ጉሮሯችሁን ከፍታችሁ እንዳትገቡ፤ የሰውዬው በሽተኞች ላፕቶፖች ናቸው። ነጭ ጋዋን ለብሶ ነው የሚሠራው። ጋዋኑን መጀመሪያ ያጠለቀው ሸሚዙን ከአቧራ ለማዳን ብሎ ነበር፤ ሰው ግን መች አስችሎት ዝም ይላል! «ሐኪሙ» አሉት፣ በዚያው ሐኪሙ ሆኖ ቀረ። እሱም ስሙን አልጠላውም። ባንኮኒው ላይ ላፕቶፕ ሲያስቀምጡለት ክዳኑን በግራ እጁ ገለጥ ያደርግና «እህ፣ ምንህን ነው የሚያምህ?» ይላል። ለሰውየው አይደለም፣ ለላፕቶፑ። ባለቤቱ ይስቃል፤ ሳቁ ሳያልቅ ሐኪሙ ዕቃውን ተረክቦ፣ ነገ ከሰዓት እንዲመለስ ነግሮ፣ ሸኝቶታል።

በዚህ ሁሉ መሀል ቀኝ እጁ ከጋዋኑ ኪስ አይወጣም። ሰው ኩራት ይመስለዋል። ኩራትስ በሆነለት! እጁ ይንቀጠቀጣል። ዝም ብሎ ተቀምጦ እንኳ፣ አንዳች የማይታይ ነገር በጣቶቹ መሀል እንደሚፈትል ሰው፣ አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ እየተፋተጉ ይርገፈገፋሉ። በሕንፃው ውስጥ ይሄን የሚያውቁት እሱና ሚስቱ ብቻ ናቸው።

እጀ ወርቅ ነበር እኮ! ቴፕ የሚጠገንበት ዘመን ቴፕ ጠገነ፤ ቴፑ ሲቀር ቴሌቪዥን፤ ቴሌቪዥኑ እየቀጠነ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ኮምፒውተር። ዕቃው በተለወጠ ቁጥር እሱም ሳያለቅስ አብሮ ተለወጠ። የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ብሎን በካቻቢቴ ጫፍ አንስቶ፣ ቀዳዳዋ ላይ አስቀምጦ፣ ከሰው ጋር እያወራ ሳያያት ያጠብቃት ነበር። ሌሎች ጠጋኞች ተስፋ የቆረጡበትን ዕቃ በፌስታል ቋጥረው ያመጡለት ነበር። ይሄን ሁሉ ያደረገው እጅ ነው እንግዲህ ዛሬ ኪስ ውስጥ የተደበቀው።

ነገሩ የጀመረው ከትንሿ ጣት ነው። ሻይ አበዛሁ አለና ሻይ ተወ። እንቅልፍ አነሰኝ አለና በጊዜ መተኛት ጀመረ። ወንበሩ ነው ብሎ ወንበር ለወጠ። ሰው ያልፈለገውን ነገር ላለማወቅ ስንት ይደክማል! በመጨረሻ ሚስቱ እየገፋች እውነተኛው ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። የነርቭ በሽታ ነው፣ መድኃኒቱ ያረጋጋዋል እንጂ አያድነውም አሏቸው። እሱ «አያድነውም» የምትለዋን ብቻ ይዞ ወጣ። ክኒኑን ትንሽ ጊዜ ዋጠና ያደነዝዘኛል ብሎ መሳቢያ ውስጥ ወረወረው። ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ አኮረፈችው፤ በጄ አላለም። ደረቅ ሰው ነው፣ ምን ታደርጉታላችሁ!

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የምትሠራው እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ በኮምፔንሳቶና በመጋረጃ ከተከለለችው የጀርባ ክፍል ነው። ሱሪ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች፣ የጠበበ ቀሚስ ታሰፋለች። «ከፊት ሐኪም፣ ከኋላ ስፌት፤ እዚህ ቤት የገባ ሳይሰፋ አይወጣም» እያለ ይቀልድባት ነበር። እሷ ብዙ የምትናገር ሴት አይደለችም። ልጃቸው አግብታ ሌላ ከተማ ከሄደች ወዲህማ የስፌት መኪናዋ ድምፅ ከሷ ይልቅ ያወራል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዱ ላፕቶፕ ደረቱን ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ ሳለ፣ ከሐኪሙ እጅ ብሎን አምልጣ ከውስጠኛው ሰሌዳ ሥር ገባች። በወረንጦ ሊያወጣት ሞከረ፤ ወረንጦው ራሱ እየተንቀጠቀጠ እዚህም እዚያም ይመታል። ደጋግሞ ሞከረ። ከዚያ ወረንጦውን አስቀመጠና ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ አለቀሰ። አዎ፣ እንደ ልጅ ነው ያለቀሰው። የስፌት መኪናው ቀጥ አለ። ሚስቱ መጣች፣ ትከሻውን ገፋ አድርጋ ወንበሩን ወሰደች፣ ወረንጦውን አነሳች። «እኔ ልያዝልህ፤ አንተ ብቻ ንገረኝ» አለችው። በመርፌ ቀዳዳ ክር ስታስገባ የኖረች ሴት ናት፤ ብሎኗን ባንዴ ለቅማ አወጣቻት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዲህ ሆነ፤ እሱ ይናገራል፣ እሷ ትሠራለች። «ጭንቅላቱ ከኔ፣ እጁ ካንቺ፤ ሁለት ሆነን አንድ ሰው ወጣን» ይላት ነበር። ሲሠሩ እሱ ፊቱን ወደ ሱቁ አዙሮ፣ በመጋረጃው ቀዳዳ መተላለፊያውን እየጠበቀ ይቀመጣል፤ ሰው ድንገት ገብቶ እንዳያያቸው። እሷ ከጀርባው ሆና ትጠይቃለች፣ እሱ ሳይዞር በለሆሳስ ይነግራታል። «ይሄኛው ገመድ ይነቀላል?» «ይነቀላል፤ ከሥሩ ያዢው።» «ከዚያስ?» «ከዚያ አረንጓዴዋን ወደ ላይ ገልብጫት።» ዓመታት እንዲህ ሄዱ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ አኳኋን ሐኪሙ እጁን ረስቶት ነበር ማለት ይቻላል። ሙያው ጭንቅላቱ ውስጥ ነው፤ ጭንቅላቱ ደግሞ አልተንቀጠቀጠም። እሱ ባይኖር እሷ ላፕቶፑን ከየት እንደሚከፍቱት እንኳ አታውቅም። እንዲህ ብሎ ያምን ነበር፤ በዚህም እምነት ነው ጠዋት ጠዋት ጋዋኑን የሚለብሰው።

ታዲያ አንድ ነገር ያስፈራዋል። ከላይኛው ፎቅ ሰዓት ሠሪ ነበር፤ ዓይኑ መድከሙ ሲታወቅ ባትሪ ማስቀየር የሚፈልግ ሰው እንኳ ሌላ ቦታ ሄደ። ሰውየው ባዶ ሱቅ ውስጥ ትንሽ ጊዜ ተቀመጠና አንድ ቀን ዘግቶ ቀረ። ሐኪሙ ይሄን አይቷል። እጄ መንቀጥቀጡን ሰው ያወቀ ቀን አለቀልኝ ይላል። ስለዚህ ባለቤቱ ፊት ዕቃ አይከፍትም። ባለቤቶች ቆመን እንይ ሲሉት መልሱ የተዘጋጀ ነው፤ ስቀው ይሄዳሉ። ነገር ግን ሰሞኑን አንድ ሁለት ሰዎች ሳይስቁ ሄደዋል። ሽፋን ሻጩም «ሐኪሙ፣ ለምን ደብቆ ነው የሚሠራው፣ ዕቃ ይቀይራል እንዴ እያሉኝ ነው» ብሎ እንደ ቀልድ ጣል አድርጎለታል።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ነው ያቺ ሴት የመጣችው። ችኩል ናት፤ ቦርሳዋን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች ከማለት ዘረገፈችው ማለት ይሻላል።

«ጋሼ፣ ይቺ ላፕቶፕ ልታሳብደኝ ነው! ከፍቻት፣ ሻይ አፍልቼ፣ ጠጥቼ፣ ኩባያውን አጥቤ ስመለስ ገና ትዞራለች።»

«ዕድሜዋ ነዋ፣ የኔ ልጅ! እኛስ ስንነሳ ወገባችንን ይዘን አይደል?»

«ይኸው፣ የሚያስፈልገውን ሁሉ ገዝቼ መጥቻለሁ። ሲዲ ማጫወቻው ይውጣና ኤስኤስዲ ይግባልኝ። ሲዲ የሚባል ነገር በዓይኔ ካየሁ ስንት ዘመኔ!»

ነገሩ ለማያውቀው ከባድ ይመስላል እንጂ ቀላል ነው። ድሮ ላፕቶፕ ሁሉ ከጎኑ እንደ መሳቢያ የሚከፈት ሲዲ ማጫወቻ ነበረው። አሁን የሚነካው የለም፤ ቦታ ይዞ የተቀመጠ ጡረተኛ ነው። እሱን አውጥቶ፣ በሱ ልክ የተሠራች «ካዲ» የምትባል ማቀፊያ ውስጥ የድሮውን ሃርድ ዲስክ አስቀምጦ እዚያ ይከቱታል፤ በሃርድ ዲስኩ ቦታ ደግሞ ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣኑ አዲስ ዲስክ ይገባል። አሮጌው ላፕቶፕ ነፍስ ይዘራል። ሐኪሙ ከነሚስቱ ይሄን ሥራ ስንት ጊዜ ሠርተውታል።

«ይቺማ ምን አላት! ነገ ከሰዓት ብቅ በይ።»

«አይ፣ እጠብቃለሁ። ዓይኔ እያየ ነው የሚሠራልኝ።»

ሐኪሙ የተለመደችውን መልሱን አወጣ። «የኔ ልጅ፣ ቤተሰብ ራስጌው ላይ ቆሞ ኦፕሬሽን ሲደረግ የት አይተሻል?»

«እኔ እኮ ኦፕሬሽን ክፍል ነው የምሠራው፣ ጋሼ» አለች። «ነርስ ነኝ። ቆሜ መዋል ሥራዬ ነው።»

ሽፋን ሻጩ ከወዲያ ሆኖ በሳቅ ፈረሰ። «ሐኪሙ፣ ዛሬስ አለቃህ መጣችልህ!» አለ።

«አይቀየሙኝ» አለች ነርሷ፤ «እርስዎን ጠርጥሬ አይደለም። ባለፈው ሌላ ቦታ ሰጥቼ ሚሞሪዋን በትንሽ ቀይረው መለሱልኝ። አንዴ ከተከፈተች በኋላ ዓይኔን አልነቅልም ብዬ ለራሴ ምያለሁ።»

ሐኪሙ ሽፋን ሻጩን አየ። ሽፋን ሻጩ እሱን ያያል። አልሠራም ቢል፣ ያቺ የዕቃ ይቀይራል ወሬ ዛሬውኑ እግር ታወጣለች። ልሥራ ቢል፣ እጁ አለ። ከመጋረጃው ወዲያ የስፌት መኪናው ዝም ብሏል፤ ሚስቱ እየሰማች ነው። አንዲት ብሎን ናት፣ አለ በልቡ። ከሥር ያለችው አንዲት ብሎን ከወጣች ሲዲ ማጫወቻው ራሱ ይንሸራተታል። አንዲት ብሎን እንዴት ያቅተኛል?

«ተቀመጪ እንግዲህ» አላት፤ ላፕቶፑንም ባንኮኒው ላይ ገለበጠው።

ካቻቢቴውን በግራው ጀመረ። ግራው ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ያልለመደውን ከየት ያምጣው? ጫፏ ከብሎኗ ራስ ላይ ሸርተት ሸርተት አለች። ላብ አጠመቀው። ነርሷ እያየችው ነው። ምርጫ አጣና ቀኙን ከኪሱ አወጣው። ብቻውን ሲሆን እንኳ የሚንቀጠቀጥ እጅ ሰው ሲያየው ምን እንደሚሆን አስቡት። የካቻቢቴው ጫፍ የላፕቶፑን ላስቲክ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ያደርገው ጀመር። ቀኙን በግራው ያዘው፤ ሁለቱም አብረው ተንቀጠቀጡ። ካቻቢቴው ተስፈንጥሮ ወለሉ ላይ ወደቀ።

ነርሷ ላፕቶፑን ማየት ትታለች። «ጋሼ» አለች፣ «ይሄ እጅዎ... መድኃኒት ይወስዳሉ?»

ክፋት የለባትም፤ የለመደባት ነው። ድምፅዋን ዝቅ ማድረጉን ግን አላወቀችበትም። ሽፋን ሻጩ እጁ ላይ ያለውን ሽፋን እንደያዘ ቀረ። ሐኪሙ ክው አለ። በዚያች ቅጽበት መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«የምን መድኃኒት? እንቅልፍ አጥቼ ነው» አለ፤ ድምፁ ለራሱም የሌላ ሰው ድምፅ መሰለው።

መጋረጃው ተገለጠ። ሚስቱ፣ አንገቷ ላይ ሜትሯ እንደተንጠለጠለ፣ የቀሚሷ ኮሌታ ላይ ስፒሎቿ እንደተሰኩ ወጣች። «አንተ ሰውዬ» አለችው፣ «ያለ መነጽርህ ምን አስቀመጠህ?»

መነጽሩ ዓይኑ ላይ ነው። ሁሉም ያየዋል።

«ሌላኛውን ማለቴ ነው» አለች ሳትደነግጥ፤ ጎንበስ ብላ ካቻቢቴውን አነሳች። «በል እኔ ልያዝልህ፤ አንተ ንገረኝ።» ወደ ነርሷም ዞር ብላ «እሱ ነው ሠሪው፣ ልጄ፤ እኔ እጅ ማዋስ ነው» አለች።

ነርሷ ነገሩ ገብቷታል። «እሺ እትዬ፤ ማንም ይያዘው፣ ብቻ እያየሁ ይሁን» አለችና ወንበሩን አስጠጋች። ሽፋን ሻጩ ግን ወደ ሥራው ሲመለስ አንገቱን እየነቀነቀ ነበር። ሐኪሙ ይሄን አየ። አበቃ፣ አለ በልቡ፤ እስከ ማታ ሕንፃው በሙሉ ይሰማል።

ሰው ሁሉ ነገር ሲያመልጠው በቀረችው ነገር ላይ ይንጠለጠላል። ለሐኪሙ የቀረችለት ሙያው ናት፤ ስለዚህ ድምፁን ከፍ አደረገ። እጄ ባይሠራም የማውቀውን እወቁልኝ እንደማለት ነው። «በይ» አለ፣ «መጀመሪያ ብሎኗን ፍቺ።» ይሄን ሲል ዓይኑን ጣለባት፤ እሷ ገና ብሎኗን አልነካችም። ባትሪውን አውልቃ ወደ ጎን አስቀምጣለች። ባትሪ ሳይወጣ ዕቃ እንደማይነካ የሥራው አንደኛ ሕግ ነው፤ እሱ በድንጋጤ ረስቶታል። እሷ አልረሳችም። ቀደም ብዬ ነግሬያት ይሆናል፣ ብሎ አለፈው።

ብሎኗ ወጣች፤ ሲዲ ማጫወቻው ተንሸራተተ። «አሁን ደግሞ ወደ ሃርድ ዲስኩ እንሂድ። ክዳኑን...» ትን አለውና ሳል ያዘው። ክፉ ሳል ነበር፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ቃል ማውጣት አቃተው። ሳሉ ሲለቀው ቀና ብሎ አየ። ክዳኑ ተከፍቷል። ሃርድ ዲስኩ ወጥቷል፤ ያወጣችው ወደ ላይ ብድግ አድርጋ ሳይሆን፣ መጀመሪያ ወደ ጎን ሳብ አድርጋ ከጥርሱ አላቃ ነው። ኤስኤስዲውም ቦታውን ይዞ ብሎኑ እየታሰረ ነው። አንድም ቃል አልነገራትም።

ይሄኔ ነው ለሐኪሙ አንድ ነገር የተከሰተለት። እጇን አይቶት አያውቅም! ይሄን ሁሉ ዓመት ጀርባውን ሰጥቷት፣ መተላለፊያውን ሲጠብቅ ነው የኖረው። ጥያቄዋን ይሰማል እንጂ እጇ ምን እንደሚያደርግ አላየም። ዛሬ ከባለ ዕቃዋ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ፣ እሱም እንደ ማንም እንግዳ፣ የሚስቱን እጅ ያያል። እጇ አይቸኩልም፣ አያመነታም፣ አይዳብስም። የማን እጅ እንደሚመስል አወቀው። የራሱን ይመስላል፤ የድሮውን።

ልቡ አላምን አለው። ልፈትናት ብሎ አሰበ፤ ይሄን ማሰቡን ደግሞ ጠላው፤ ግን አላረፈም። ሃርድ ዲስኩ ካዲዋ ውስጥ ገብቶ ሲታሰር «በይ፣ አሁን አስገቢውና እንዝጋ» አላት። ሐሰት ነው። ሲዲ ማጫወቻው ፊት ላይ ስስ የላስቲክ ክዳን አለ፤ ሐኪሙ «ከንፈር» ነው የሚለው። እሱን ከድሮው አላቅቀው ለካዲዋ ካላደረጉላት የላፕቶፑ ጎን እንደ ወለቀ ጥርስ ክፍት ይቀራል።

እጇ አየር ላይ ቆመ። ቀና ብላ አየችው፤ ለአፍታ ነው፤ ከዚያ ዓይኗን መለሰች።

«ከንፈሩን ሳልቀይርለት ልዝጋው?» አለች፤ ጥያቄ አስመስላ፣ ለስለስ አድርጋ፣ ነርሷ ጥፋቱን እንዳታውቅበት።

«እ... አይ፤ እሱን አስቀድሚ» አለ።

ከንፈሩ እንዲላቀቅ የሲዲ ማጫወቻው መሳቢያ መከፈት አለበት፤ ኤሌክትሪክ ስለሌለ ደግሞ ፊቱ ላይ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ከውስጥ ይገፉታል። ሐኪሙ ሁልጊዜ የወረቀት ማያያዣ አቃንቶ ነበር የሚጠቀመው፤ ለሷም የነገራት እንዲሁ ነው። እሷ ማያያዣ አልፈለገችም። ከኮሌታዋ አንድ ስፒል ነቀለች፣ ቀዳዳዋ ውስጥ ሰካች፣ ጫን አደረገች፤ መሳቢያው ቀጭ ብሎ ወጣ። በሌላ እጇ ጥፍር ከንፈሩን አላቀቀችው። ስፒሉን መልሳ ኮሌታዋ ላይ ስትሰካው እጇን አላየችውም። ይሄን እሱ አላስተማራትም። ብዙ ጊዜ ስታደርገው የኖረችው የራሷ ዘዴ ነው።

«እንዴት ደስ ይላል!» አለች ነርሷ። «እጅሽ ይባረክ፣ እትዬ። ጋሼ፣ እርስዎም ጥሩ አድርገው አስተምረዋታል።»

«ሁሉ ከሱ ነው» አለች ሚስቱ ቶሎ ብላ።

ሐኪሙ ዓይኑን ከኮሌታዋ ስፒል ላይ አላነሳም። ባለፈው ክረምት ጉንፋን ጥሎት አልጋ ላይ የሰነበተበት ጊዜ ትዝ አለው። ሲመለስ የተሠሩት ላፕቶፖች መደርደሪያው ላይ ተሰልፈው፣ ባለቤቶቻቸውን እየጠበቁ ነበር። «ቀላል ቀላሉን ነው የሞካከርኩት» ብላው ነበር፤ እሱም አመነ፣ እንዲያውም እንዳታበላሽ ብሎ አንድ ባንድ ፈተሻቸው። አንዱም አልተበላሸም ነበር። በማግስቱ ግን ያው ከጀርባው ሆና «ይሄኛው ይነቀላል?» እያለች መጠየቋን ቀጠለች። ያንን ሁሉ ጥያቄ ምን ብላ ጠየቀችው? እሱስ ምን ሆኖ መለሰ?

መጀመሪያ የመጣበት ንዴት ነው። ስታሞኘኝ ኖረች ማለት ነው፣ አለ። ንዴቱ ግን አልቆየለትም፤ ሲወርድ ከሥሩ ያለው ነገር ከንዴቱ የባሰ ሆነ። ሴትየዋ የራሷ ሥራ አላት። ያልተሰፉት ሱሪዎች ከኋላ ተከምረዋል፤ ሰው ዘገየሽብን እያለ ይቆጣታል። ያንን ትታ፣ የምታውቀውን ነገር እንደማያውቅ ሰው እየጠየቀች፣ እሱ እስኪያስታውስ እየጠበቀች፣ የሱን ስም ይዛለት ኖራለች። ሐኪሙ አንድም ቀን የስፌት ሥራሽ እንዴት ነው ብሎ ጠይቋት አያውቅም። ቅስሙ ስብር አለ። እጁ የሷ ነው፣ ጭንቅላቱ የኔ ነው ይል ነበር። ለካ ጭንቅላቱም የሷ ሆኗል። እንግዲህ እሱ እዚህ ወንበር ላይ ምን ያደርጋል? ጋዋን ለብሶ የሚያስቅ ሰው ነው?

የነርሷ ስልክ ጮኸ። ከሥራ ቦታ ነው የተደወለላት፤ «አንዴ» ብላ ጆሮዋን በእጇ ከልላ ወደ መተላለፊያው ወጣች፤ ጫጫታውን ሸሽታ እስከ ደረጃው ሄደች። ሽፋን ሻጩም ከገዥ ጋር ክርክር ይዟል። ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ካዲዋ ቦታዋን ይዛለች፤ ከንፈሩ ከላፕቶፑ ጎን ጋር ገጥሞ መስመሩ እንኳ አይታይም። ባትሪው ተመልሷል። ባንኮኒው ላይ የቀረችው ያቺ የመጀመሪያዋ ብሎን ብቻ ናት።

ሐኪሙ እጁን ወደ ኪሱ ሊመልሰው አልሞከረም። ባንኮኒው ላይ ትቶት እየተንቀጠቀጠ ያየዋል። በትዳር ዘመናቸው ያልነገራትን ሊነግራት ፈልጎ ከየት እንደሚጀምር ጠፍቶታል። ይቅርታ ነው? ምስጋና ነው? ነው ወይስ ከነገ ጀምሮ አልመጣም ነው? የትኛው እንደሆነ እሱም አላወቀውም።

ሚስቱ አየችው። ብዙ አየችው። ከዚያ ብሎኗን በካቻቢቴው ጫፍ አነሳች። የሚሰማቸው ሰው የለም፤ የሚያያቸው ሰው የለም። ላፕቶፑ ሆድ ላይ ባዶ የቀረው ቀዳዳ አንድ ብቻ ነው።

«ይቺስ የት ነው የምትገባው?» አለችው።

ሐኪሙ ዓይኑ እንባ ሞላ። ቀዳዳዋን አየ፣ ሚስቱን አየ። እሷ ካቻቢቴውን አየር ላይ ይዛ ትጠብቀዋለች፤ ካልነገራት እስከ ማታም ቢሆን የማታስገባት ትመስላለች።

«እዚያች ጋ» አላት፣ በሚንቀጠቀጠው እጁ እያመለከተ። «በስተቀኝ በኩል።»

«እሺ» አለች፤ አስቀመጠቻት።

«ብዙ እንዳታጠብቂያት።»

«አላጠብቃትም» አለች ሚስቱ።